እማማ ደህና ናት ይበሉት

—ሄሎ?... አቤት?... ሄሎ! ጮክ ይበሉ፣ መስመሩ ይንጫጫል። ከእንጦጦ በኩል ዝናብ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው።

—የማን ቤት ፈለጉ?... እንዴ፣ የደወሉት እርስዎ! እኔ ነኝ እንጂ ማን ልበል የምለው።

—ጓድ ጌቱ። እሺ ጓድ ጌቱ፣ ከየት ነው?... ከ«መሥሪያ ቤት»። መሥሪያ ቤት ሁሉ ስም አለው ብዬ ነው... አይ፣ አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል?

—አዎ፣ የታረቀኝ ቤት ነው። ነበረ። የመኪና ኤሌትሪሲስቱ፣ አዎ... እኔ ሚስቱ ነኝ። የሺ እባላለሁ... እሱማ የለም። የት እንዳለ እናንተ ታውቁ እንደሆነ እንጂ እኔ አላውቅም።

—አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።

(እማማ፣ ልጅቷን ይያዙልኝ እስቲ... አይ፣ የመድኃኔ ዓለሙ ቄስ አይደሉም፣ ስለ ፍታቱ አይደለም። የማላውቀው ሰው ነው፣ የመንግሥት ሰው ይመስለኛል። በሩን ገርበብ ያድርጉት።)

—አለሁ። አማቴን እያነጋገርኩ ነው... ሌላ ሰው የለም። እኔ፣ አማቴ፣ አንዲት ሕፃን፤ በቃ። ደግሞ የቤቱን ሰው ብዛት ምን ያደርጉለታል?

—የምን መኪና?

—ጥቁሯ መርሴዲስ... እንዴት አላውቃትም! የጉለሌ ሙሽራ ሁሉ በሷ አይደል የተዳረ። የድሮ መኳንንት መኪና ነበረች፣ ደክማ ስትጣል ታረቀኝ ነው አንስቶ ሽቦዋን ሁሉ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንደ አዲስ የዘረጋላት። ከዚያ ባለፈው ኅዳር ሰውየውንም መኪናዋንም ወሰዳችኋቸው... እሺ፣ «ወሰዷቸው» ልበል። እናንተ አይደላችሁም። እሺ።

—አልነሳም አለች? ታዲያ ለእኔ ምን ይነገረኛል? ይሄ ጋራዥ ነው እንዴ?

—ይስሙኝ ጓድ ጌቱ፣ ልንገርዎት። ባሌን ከወሰዱት በኋላ ስንቅ ይዤ ከበር በር ስንከራተት ከረምኩ። አንደኛው በር ላይ ጥቂት ጊዜ ተቀበሉኝ። ከዚያ አንድ ቀን አገልግሉን ከነምግቡ መለሱልኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሉኝ። «አታምጪ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ የማያውቅ የለም... አላልኩም! ሞተ አላልኩም። ጥቁርም የለበስኩት ለአክስቴ ነው። እንደው እኔ የምለው፣ ስለ ሰውየው አንድም ቀን ያልደወለ ሰው ዛሬ ስለ መኪናው ይደውላል። እስቲ እርስዎ ቢሆኑ አይጠረጥሩም?

—ለመሆኑ ስልካችንን ከየት አገኙት?... ከአንድ ሠራተኛ። ድሮ ከባለቤቴ ጋር ይሠራ ነበር... እንዲያ ነው ያለዎት? ስሙስ ማን ይባላል?... «ጢማሙ»? ክርስትና የተነሳበት ስም የለውም?... እሺ፣ አልጠይቅም። እዚያ ካሉት አንዱ ነው። ገባኝ።

(እማማ፣ ውሸት ነው። ታረቀኝ መቼ ከሰው ጋር ሠርቶ ያውቃል? ብቻውን አይደል ሲሠራ የኖረው? መኪናዋ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ብለው ጠርጥረው ነው። በወሬ ወሬ ሊያስለፈልፉኝ ነው።)

—ምን ተደበቀ?... ኧረ ምንም! «ሽሮው እንዳያርር ድስቱን ይክደኑት» ነው ያልኩት። መስመሩ ነው፣ ጓድ።

—እሺ፣ እሺ። ቁልፉ ሲዞር ምን ትላለች?... ጭራሽ ዝም? «ጠቅ» እንኳ አትልም? መብራቷስ?... ቦግ ይላል። ሬዲዮኗም ይዘፍናል። ታዲያ ባትሪው ምን ሆነ?... አዲስ ባትሪ ገዛችሁ! ኧረ በስመ አብ። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ቀየራችሁ?... ከሌላ ደህና መርሴዲስ ላይ ፈታችሁ። አሁን እንግዲህ ሁለት የማይነሱ መኪኖች አሏችሁ በሉኛ።

—መግፋትማ ዋጋ የለውም። አውቶማቲክ ናት፣ ብትገፋም አትነሳ፤ ሰው ማድከም ነው... ስንት ወታደር?! አይ የእናት ልጆች።

—እኔ? እኔ መካኒክ አይደለሁም። እሱ ኮፈኑ ሥር ሲገባ አምፖል የማበራለት እኔ ነኝ፣ ከዚያ አላልፍም... የተለየ ነገር ሠርቶባት እንደሆነ? አላውቅም... አላውቅም አልኩ እኮ። እናት አገር ስትጠይቀኝም አላውቅም።

(እማማ፣ የክላክሱን ነገር አልደረሱበትም! ክላክሱን ተጭኖ ቁልፉን ካላዞረ በቀር እንዳትነሳ አድርጎ አይደል ያሰራት። «ሌባም ቢሆን ጡሩምባ ነፍቶ ይስረቀኝ» ሲል አልነበር? ጎረቤት ጠዋት ጠዋት «ይሄ ጉረኛ ደግሞ ጀመረ» የሚለው... አዎ። የወሰዱት ቀንም ሊያስነሳት ሲነፋ፣ ለሰፈሩ ምልክት ሰጠ ብለው በሰደፍ ያሉት በሱ ነው... አያልቅሱ፣ እማማ። አልነግራቸውም። እሱን ለወሰደ እጅ መኪናዋን አላስነሳም። ይግፏት!)

—አለሁ፣ አለሁ። ሕፃኗ አልቅሳ ነው... ለአብዮት በዓል? መስከረም ሁለት እንግዳ ይቀመጥባታል? እንግዲህ ሌላ መኪና ይፈልጉለታ። ይቅርታ ጓድ ጌቱ፣ የማውቀው ነገር የለም፣ ልዝጋው...

—ምን?... ሠራተኛው ጥያቄ አለው? አጠገብዎ ነው እንዴ?... መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት። እሱ ከታች እየጮኸ ይነግርዎታል፣ እርስዎ ለእኔ ይነግሩኛል። ደግ፤ ምን ይላል?

—ማን ደህና ናት ወይ?

—አለሁ። እስቲ ይድገሙልኝ። ሳይቀይሩ፣ እሱ ባለው ቃል።

—«እማማ ደህና ናት ወይ።»

—አይ... አይ፣ ደንግጬ አይደለም። የፊሎ ስም ነው። ከባትሪው ወጥታ ቦዲው ላይ የምትታሰረው ሽቦ። ሌላው መካኒክ ማሳ ነው የሚላት። አንዳንዱ ደግሞ... አንዳንዱ እማማ ይላታል። ፊሎ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ቤት ነው የሚገባው ለማለት። የመካኒኮች ቀልድ ነው። ቆይ፣ ላስታውስ፣ ጊዜ ይስጡኝ።

(እማማ፣ ይቀመጡ። በወለዱት ድምፅ እንዳያሰሙ! ማሳዋን «እማማ» ብሎ የሚጠራ በዚህ አገር ከአንድ ሰው ሌላ አለ? በእርስዎ አይደል የሰየማት?... ይተዉ፣ ይተዉ፣ ገና አይደሰቱ። እኔም እሱ መሰለኝ። ግን ደብድበው ከአፉ ያወጡት ቃል ቢሆንስ? በሱው ቃል እኔን ሊያጠምዱኝ ቢሆንስ? ቆይ፣ እኔም እጠይቀዋለሁ። እነሱ ሊያስቡት የማይችሉትን።)

—ጓድ ጌቱ፣ ሠራተኛውን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እውነት ያወቃት እንደሆነ ነው። «እማማ ምን ትፈራለች?» ይበሉልኝ... አዎ፣ ፊሎዋ። ፊሎም የሚፈራው ነገር አለው። እንደው ይጠይቁልኝ።

—እ?... «መብረቅ። ሲያጓራ አልጋ ሥር ትገባለች።»

—...አይ፣ አልሳቅኩም። አላለቀስኩምም። በርበሬ እየቀነጠስን ነው፣ ዓይኔን... አዎ፣ ትክክል ነው። አልጋ ማለት ባትሪው የሚቀመጥበት ብረት ነው፣ ጓድ። የባትሪ አልጋ። ያውቃታል ማለት ነው። ደህና አድርጎ ያውቃታል።

(አለ! እማማ፣ ልጅዎ አለ! ቅዳሜ ፍታት ልናስፈታለት ቄስ የያዝንለት ሰው መስኮት ሥር ቆሞ የእርስዎን አልጋ ሥር መግባት ያወራል!... ቀስ። ይንከሱት፣ ነጠላዎን ይንከሱት። «አታምጪ» ያሉኝ ወደ ሌላ ቦታ ወስደውት ነው፤ እዚያ ጢማሙ ራሱ ታረቀኝ መሆኑን አያውቁም፤ የመኪናዋ ባለቤት መሆኑን አልነገራቸውም። ራሱ ያሰረውን ፊሎ አላውቅም ብሎ፣ «እዚህ ቤት ደውሉ» አላቸው። ለምን? እንድንሰማ ነዋ!)

—ይበሉት እንግዲህ፣ «እማማ ደህና ናት» ይበሉት። አልተነቀለችም። ትንሽ ጉልበቷ... ማለቴ፣ መታጠፊያዋ ጋ ዝጋለች እንጂ ቦታዋ ላይ ናት።

—ደግሞ ምን አለ?... «ትንሿ አምፖል በራች ወይ?»

—በራች። በራች ይበሉት። በሚያዝያ... ማለቴ፣ በደንብ ነው የምትበራው። ይህቺ ከመሪው ኋላ ያለችው ቀይ አምፖል ናት፣ ጓድ። እሷ ካልበራች ባትሪው አይሞላም። ስለዚህ መጠየቁ አግባብ ነው።

—ወንዴ ናት ሴቴ ይላል?... ጓድ ጌቱ፣ መካኒክ አጠገብ ውለው ወንዴና ሴቴ አያውቁም? መሰኪያዋ ነው። ገቢው ወንዴ፣ ተቀባዩ ሴቴ። ሴቴ ናት ይበሉት። ሴት... ሴቴ።

(ሲወስዱት ሆዴ ውስጥ የነበረችውን ነው የጠየቀኝ። አዎ፣ እሷን። ስም ሳናወጣላት ማሚቱ የምንላትን።)

—ምን ሆነ?... ወደ ግድግዳው ዞረ። ፀሐይ በዝቶበት ነው ይላሉ?... እናንተ ጋ ዝናብ የለም እንዴ? እሺ፣ ይዙርለት። አይጩኹበት እንጂ።

—«ማርካዋ ምንድን ነው» ይላል? ማርካ የላትም ይበሉት። ማርካ የሚያወጣው ሠሪው ነው ብለን እስካሁን ዝም ብለን ነው የምንጠራት... የምናበራት።

—ማን? «ጸሐይ»? «ከአምፖል ሁሉ ጸሐይ የሚለውን ማርካ ነው የማውቀው» አለ... እኔማ ሰምቼው አላውቅም፣ ጓድ። የጀርመን ይሆናል። ቢሆንም ጥሩ ማርካ ነው። እሺ ብላለች... እሺ ብዬአለሁ ይበሉት።

—አዎ፣ አዎ፣ ወሬ አበዛሁ፣ ይቅርታ። ወደ መፍትሔው... ለምን ቸኮሉ? መስከረም ሁለት ገና አይደለም?... ማነው ነገ የሚሄደው?

—ጢማሙ። ነገ ይዛወራል... ወዴት?... እሺ፣ አልጠይቅም። ከሌሎቹ ጋር። እሺ። ስለዚህ ሳይሄድ ዛሬ ይጨርስላችሁ። ገባኝ።

(ነገ ይወስዱታል፣ እማማ። «ይዛወራል» ነው የሚሉት። ተዛወረ ተብሎ የተመለሰ ሰው ያውቃሉ? የማን ልጅ ነው የተመለሰው?... አሁን ገባኝ። ለሰላምታ አይደለም ያስደወለኝ። ክላክሱን ቢነግራቸው ማንም ሊያስነሳት ይችላል። እሱ አያስፈልጋቸውም። እሱ ራሱ ሊለው የማይችለውን፣ እዚያ የሚያስቀረውን ነገር እኔ እንድልለት ነው። ምን ልበል? መድኃኔ ዓለም፣ ምን ልበል?)

—ጓድ ጌቱ፣ ይሰሙኛል?... እስካሁን አላውቅም ያልኩዎት ፈርቼ ነው። እናት አገርን ያህል ነገር ጠርታችሁብኝ መዋሸቱ ከበደኝ። እውነቱን ልንገርዎት። ይህቺ መኪና አመለኛ ናት። ያቺ እማማ የምትባለው ፊሎ አንድ ጊዜ ተቃጥላ ነበር፣ ተቀጥላ ነው ያለችው። በመፍቻ ቢያጠብቋት ትበጠሳለች፣ ቢያላሏት ዝም ትላለች። በየጠዋቱ በእጅ እየዳሰሰ ልኳን የሚሰጣት ሰው ትፈልጋለች... አዎ፣ በየጠዋቱ። እጁ ያልለመደ የነካት እንደሆነ ከወንበሩ ሥር ትጋያለች። እሳት ነው፣ ጓድ! እንግዳው ውስጥ ተቀምጦ በአደባባይ ጭስ ቢወጣ ማን ይጠየቃል? እኔ ጉለሌ ነው ያለሁት። እርስዎን ነው የሚጠይቁት።

—አሻጥር ይሉታላ! እንኳን መኪና ሙሉ ተቃጥሎ፣ ጎማ ሲተነፍስም አሻጥር እየተባለ አይደል?... እኔማ ለእርስዎ ብዬ ነው።

—ሌላ ሰው ማስተማር? ታረቀኝ እኔን ለማስተማር ስንት ዓመት ደከመ፣ ይኸው አምፖል ያዥ ሆኜ ቀረሁ። ትምህርት አይደለም፣ እጅ ነው። ጢማሙ እጁ ከለመደላት የእርስዎ ዕድል ነው።

—አሁን እንዲህ ይበሉት። እንዳይቀይሩብኝ። «አመሏን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ለማንም እንዳታሳይ። እንደ ድሮህ አስነሳት»... እንዴታ፣ «እንደ ድሮህ» ይበሉት። መካኒክ ሲባል ይገባዋል። ስልኩን አይዝጉት! መስኮቱን ይክፈቱልኝና ድምፅዋን ልስማ። ጤነኛ መሆኗን ከድምፅዋ ነው የማውቀው።

(እማማ፣ ይምጡ፣ ጆሮዎን ያስጠጉ። ልጅቷንም ይዘው ይምጡ። ኧረ ቶሎ!)

—...

—...

—ሰማሁ!... ክላክሱ ነው? ምንም አይደለም፣ እሱ ሲዳስሳት ፊሎ ከፊሎ ተነካክቶ ነው። ራሱ ይጮኻል... ተነሳች? ተነሳች አይደል! እልል... አይ፣ ለበዓሉ ደረሰች ብዬ ነው፣ ጓድ።

—አሁንም ነፋ?... ሰምቻለሁ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

(ሰሙት? «የሺ፣ በር ክፈቺ» እኮ ነው! ማታ ከሥራ ሲገባ የሚነፋው! ሰሙት አይደል?... አዎ። አዎ፣ እማማ። እሱ ነው።)

—ኧረ አይምቱት! እንዳይነኩት ይበሏቸው!... መኪናዋን ነው፣ መኪናዋን ማለቴ ነው። እጁ ላይ እያለች ሰው ቢነካት ትጠፋለች። ጠግቦ አይደለም የነፋው። ሲያስነሳት የግድ ነው፣ ይልመዱት።

—እኔ እንጃ። ስለ ነገው እኔ ምን አገባኝ? ሰውየውን መላክ ከፈለጋችሁ ላኩት። ብቻ ከመላካችሁ በፊት አጥፏትና ሌላ ሰው ያስነሳት እስቲ። እናያለን... ይጠብቁኝ? እሺ፣ እጠብቃለሁ።

(ሌላ ሰው እየሞከራት ነው። ክላክሱን እንዳይነካ ብቻ ይጸልዩ... ዝም አለች። አሁንም ሞከረ... ዝም።)

—አልተነሳችም? አይ፣ ምን ላድርግ እንግዲህ... ይቀራል? ጢማሙ ይቀራል?... «እስከ መስከረም ሁለት።» እሺ። ከመስከረም ሁለት በኋላስ እንግዳ አይመጣም? አብዮቱ አንድ በዓል ብቻ ነው እንዴ ያለው? እኔ የምለው፣ መኪና በየቀኑ ነው የምትነሳ... ለበላይ ይነግራሉ። ከነገው ዝርዝር... እሺ። ያስወጡታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ... ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ፣ ጓድ።

—ብትጠፋ ይደውሉልኝ። በማንኛውም ጊዜ። አመለኛ ናት አልኩዎት፣ መጥፋቷ አይቀርም። እኔ ቤት ነኝ፣ የትም አልሄድም።

—እናሸንፋለን!... በ«ሸ» ነው ያልኩት! በ«ሸ»፣ ጓድ ጌቱ! እንደ ፀረ አብዮቶቹ በ«ቸ» አላልኩም፣ መስመሩ ነው!... እሺ። እሺ። ደህና ይዋሉ።

—ዘጋ።

—እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ጥቁሩን አያውልቁ! ጎረቤት ሁሉ ዓይን ነው፣ ምን ሰምተው አወለቁ ይለናል። ከላይ እንዳለ ይተዉት፣ ከውስጥ ነጭ ይልበሱ። ለቄሱም ዝናቡ እስኪያቆም ፍታቱ ይቆይ ይበሏቸው... ቢጠረጥሩ ይጠርጥሩ።

—በሉ ልጄን ይስጡኝ። ነይ ወደ እናትሽ... ጸሐይ።